እነሱ ገና አልበሉም

ብዙ መናገር አልወድም። ይህንንም እጽፋለሁ እያልኩ ስተወው ቆይቻለሁ። ነገር ግን የማይለቅ ሕመም ያለበትን ልጃችሁን በየጧቱ ትምህርት ቤት በር ላይ እጁን ለቃችሁ የምትመለሱ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ የዚያን ቀን የሆነውን ብትሰሙት ይጠቅማችሁ ይሆናል። ከጠቀመም ምስጋናው ለአላህ ነው።

የምንኖረው ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቴ ጀማል ሮተርዳም ወደብ፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኔም ሮተርዳም በየቤቱ እየዞርኩ አዛውንቶችን እንከባከባለሁ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ልጃችን ሐናን አንድ ናት።

የስኳር በሽታ እንዳለባት ያወቅነው ስምንት ዓመቷ ላይ ነው። አንድ ሰሞን ውኃ አልጠግብ አለች፣ ከሳች፣ አንድ ቀን ጧት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ሆስፒታል ገባን። ከጥቂት ወራት በኋላ ሆዷ ላይ ኢንሱሊን የሚሰጣት ፓምፕ፣ ክንዷ ላይ ስኳሯን የሚለካ ሴንሰር ተለጠፈላት። ሴንሰሩ ቁጥሩን ቦርሳዋ ውስጥ ላለች ትንሽ ስልክ ይልካል፤ ያቺ ስልክ ደግሞ ወደኔ ትልካለች። ስለዚህ የትም ብሆን የልጄን ስኳር አያለሁ። ከቁጥሩ አጠገብ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ላይ ከሆነ ስኳሯ እየወጣ ነው፣ ወደ ታች ከሆነ እየወረደ ነው። እዚህ አገር በሚለካበት መለኪያ ከአራት በታች ከወረደ አደጋ ነው።

ሐኪሞቹ ይህ መሣሪያ ሰላም ይሰጥሻል ብለውኝ ነበር። እኔን ግን ሰላም ነሳኝ። ትራም ውስጥ አየዋለሁ። የሽማግሌ እግር በእጄ ይዤ አየዋለሁ። ሰግጄ ሳሰላምት ዓይኔ ከትከሻዬ ሳይመለስ ወደ ስልኩ ይሄዳል። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሥራ በሌለኝ ቀን ቤት መቀመጥ አልችልም ነበር። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ እቀመጣለሁ። አንድ የበረዶ ቀን የሐናን አስተማሪ ሜስተር ባስ ካፖርት እንኳ ሳይደርብ ወጥቶ መጣ። እዚህ አገር ወንድ አስተማሪን ልጆቹ ሜስተር ብለው በስሙ ይጠሩታል። ዕድሜው ከኔ ያንሳል፤ እኔ ግን መምህር ነውና እርስዎ እለዋለሁ።

«ሜፍራው፣ በረደሽ?» አለኝ፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው።

«አልበረደኝም» አልኩት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር።

«ሁለት ምርጫ አለሽ» አለ። «ወይ ገብተሽ ከልጆቹ ጋር የማባዣ ሰንጠረዥ ትማሪያለሽ፣ ወይ ቤትሽ ሄደሽ እኔን ታምኚኛለሽ።»

ይህን ሰው ማንም አላስገደደውም። አስተማሪ የተማሪ ኢንሱሊን የመስጠት ግዴታ የለበትም። እሱ ግን ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ከነርሷ ተምሮ፣ በኢንሱሊን ፋንታ ውኃ የተሞላ ፓምፕ በራሱ ሆድ ላይ አስለጥፎ ሁለት ቀን የዋለ ሰው ነው። ይህን ያወቅሁት ከነርሷ እንጂ ከሱ አይደለም። ተነስቼ ቤቴ ሄድኩ። ስልኩን ግን ከእጄ አላወረድኩም።

በጸደይ ላይ ክፍሉ በሙሉ አምስተርዳም ወዳለ አንድ ሙዚየም ሊሄድ ነው ተባለ። ሙሉ ቀን ነው። አብሬ ልሂድ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ የሚተካኝ ሰው ጠፋ። ትቅር አልኩ።

ጀማል ተቆጣ። «ልቀቂያት እንጂ! ዕድሜዋን ሙሉ በስልክ ልትጠብቂያት ነው?»

«አንተ ምን አለብህ» አልኩት። «ስልክህ ሥራ ቦታ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚውለው።»

«ለዚህ እኮ ነው እስከ ዛሬ ያላበድኩት» አለና ሳቀ።

ሐናን በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች። ማታ ትራስዋን አቅፋ ስታለቅስ አገኘኋት። ፈቀድኩ።

ዕለቱ ደረሰ። ቦርሳዋን ሦስት ጊዜ ፈትሼ ዘጋሁ። ምሳዋ፣ ጁሷ፣ ቶሎ የሚሟሟው የስኳር እንክብል፣ ራሷን ብትስት አፍንጫዋ ውስጥ የሚነፋው መድኃኒት፣ ሁሉም አለ። አውቶቡሱ በር ላይ ጸጉሯን ላስተካክል ስል እጄን ገፋችው።

«እማ፣ በቃ ሂጂ። ሁሉም እያየሽ ነው።»

አውቶቡሱ ሄደ። እኔ ወደ ሮተርዳም ባቡር ተሳፈርኩ።

ቀኑ ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ሜፍራው ባከር ቤት ነበርኩ። ዘጠና ሊሞላቸው የቀረቡ፣ አርፍደው የሚነሱ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። እግራቸው እንዳያብጥ ከጉልበት በታች የሚያጠብቅ ጠንካራ ካልሲ ይለብሳሉ። ለማልበስ ጉልበት ይጠይቃል። የቀኝ እግራቸውን እያለበስኩ ሳለ ከሜስተር ባስ መልእክት መጣ። «ምሳ ልንበላ ነው። ኢንሱሊኑን ሰጥተናል።» ከጎኑ የዳቦ ሥዕል አለ።

ደስ አለኝ። ኢንሱሊኑ ከምግብ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይሰጥ ብለው ሆስፒታል አስተምረውናል፤ እሱም እንደተማረው አደረገ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ያቺን ካልሲ ጎትቼ ጉልበታቸው ጋ አደረስኩ። ከዚያ ስልኩን መልሼ አወጣሁት። ቁጥሩ ወርዷል፤ ቀስቱም ወደ ታች ጎንበስ ብሏል።

«በልታለች፤ አሁን ይወጣል» አልኩ ለራሴ።

ትንሽ ቆይቼ አየሁ። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ዞሯል። ወዲያው ቁጥሩ ጠፋ። ባዶ ሰረዝ ብቻ። ስልኳና ሴንሰሯ ተራርቀዋል ማለት ነው።

ለሜስተር ባስ ደወልኩ። አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም። ትምህርት ቤቱ ቢሮ ደወልኩ። ሴትየዋ «እንሞክራለን፤ ሙዚየም ውስጥ ስለሆኑ ድምፁን አጥፍተውት ይሆናል» አለችኝ። ድምፁን አጥፍተውት። ቃሉ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ ሜፍራው ባከር። «የግራ እግሬን ረሳሽው።»

ነገርኳቸው። አጭር ነው ያልኩት፤ ልጄ፣ ስኳሯ፣ አምስተርዳም።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሜፍራው፣ ካልሲዎን...»

«ሂጂ! ባንድ ካልሲ የሞተ ሰው አላየሁም።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ትራም መጣ፣ ገባሁ። ትራሙ ውስጥ ሆኜ ለቢሮዬ ደወልኩና ለሜፍራው ባከር ሰው ይላክላቸው አልኩ። ጣቢያው ስደርስ ወደ አምስተርዳም የሚሄደው ፈጣን ባቡር በሩን ሊዘጋ ነበር። ዘልዬ ገባሁ። መሄዴ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። በመንገድ ላይ ሆኜ ልጄ ብትወድቅ አልደርስላትም። ግን ቆሞ መጠበቅ አልቻልኩም።

የገባሁበት ፉርጎ ጸጥታ የሚጠበቅበት ሆኖ ተገኘ። መስኮቱ ላይ ተጽፏል። ተቀምጬ መነሳት፣ ተነስቼ መቀመጥ ሆነ ሥራዬ። ፊት ለፊቴ ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሰውዬ ቀና ብሎ እያየ ይመለሳል። ከንፈሬ ግን ይንቀሳቀሳል። ያ ረቢ፣ አደራህን። ያ ረቢ፣ አደራህን። ሌላ ዱዓ ጠፋብኝ።

ስልኩ ጮኸ። ሜስተር ባስ ነው።

«ሜፍራው፣ ደውለሽልኝ ነበር። ይቅርታ፣ ድምፁን...»

«ሐናን በላች?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ገና» አለ። «የምሳ አዳራሹን ሌላ ትምህርት ቤት ይዞት አገኘነው። ቀድማችሁ ጎብኙ አሉን። ቦርሳ ይዞ መግባት አይቻልም ተባለ፣ ቦርሳዎቹን ቆለፍናቸው። ግን ያኔውኑ ለሐናን አንቺ ሳንድዊችሽን ብይ ብያታለሁ። ሁፍት ኒት አለችኝ። ቆይቼ ጁስሽን ላምጣልሽ አልኳት። ሁፍት ኒት። ፈገግ ብላ ነው ያለችኝ፤ ደህና ነኝ አለች።»

ሁፍት ኒት። አያስፈልግም ማለት ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው አያስፈልግም ካለ አያስፈልግም። ክብርም ነው፤ ሰውን አታስጨንቅም። እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው አይሆንም እምቢታ አይደለም። ገና የጨዋታው መጀመሪያ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ይጠየቃል፣ ይለመናል፣ ይማላል።

«አሁን የት ናት?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሏል። ሰውዬው በጣቱ መስኮቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ።

«አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ገርጥታለች፣ ላብም አላት። ቦርሳውን ለማምጣት ሰው ልኬያለሁ፤ የቁልፉን ቁጥር የያዘው ረዳቴ ከሌላው ቡድን ጋር ነው። አስጎብኚዋ ከሠራተኞች ክፍል አንድ ብርጭቆ የፖም ጭማቂ አምጥታለች። ሐናን ግን አፏን ትዘጋለች። አምቡላንስ ልጥራ?»

«ይጥሩ! ግን መጀመሪያ ትጠጣ። ስልኩን ወደ እሷ ያስጠጉልኝ።»

ስልኩ ወደ ልጄ ሲጠጋ የልጆች ጫጫታ ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሿን።

«ሐናን! ልጄ! እማ ነኝ።»

«እማ...» ምላሷ ተሳስሯል።

«ጁሱን ጠጪ።»

«አይ።»

«ለምን እናቴ? ለምን?»

እንደሚያንቀላፋ ሰው ሆና «እነሱ ገና አልበሉም» አለች።

በባቡሩ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ ደሴ ሳለን ማዕድ ላይ የምትደጋግመው ተረት ነበራት፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። እኔም ሐናንን በዚያው ነው ያሳደግኋት። ጓደኞቿ ቤታችን ሲመጡ ብስኩቷን ደብቃ ብትበላ ይህንኑ እላታለሁ። ሰው እያየ አትብዪ። ሰው ቤት ሲያቀርቡልሽ ቶሎ አትዘርጊ። ከትንሽነቷ ጀምሮ የሰማችው ይህን ነው። ሕመሙ ሲመጣ ደግሞ ያልነገርኳት ነገር አለ፤ ያልነገርኳትም ስላላወቅሁት ነው። ቤት ውስጥ ስኳሯ ሲወርድ ጁስ ስሰጣት እኔ ቢስሚላህ ብዬ ፉት እልላታለሁ፣ ከዚያ ነው የማቀብላት። ጀማልም ካለ ፉት ይላል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ለምን እንደምናደርገው አስበንበት አናውቅም። ልጄ ከታመመች ጀምሮ፣ ትምህርት ቤትም ከልጆቹ ጋር አብራ እየበላች፣ አንድም ቀን ብቻዋን ጠጥታ አታውቅም ነበር።

ለሆስፒታሉ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለሜስተር ባስ ሁሉን ነገር ነግሬ ነበር። ይህን ግን እኔም ያወቅሁት ያን ሰዓት ባቡር ወለል ላይ ነው።

«ሜስተር ባስ!» አልኩ። «ከእንግዲህ አይጠይቋት። መጀመሪያ እርስዎ ይጠጡ።»

«እኔ?»

«እርስዎ! እያየችዎት። ከዚያ አጠገቧ ያለች ልጅ ትጠጣ። ከዚያ ብርጭቆውን ራስዎ ከንፈሯ ላይ ይያዙላት። በሞቴ ይበሏት።»

«በ... ምን?»

«በሞቴ!»

«ቤ-ሞ-ቴ?»

«እንደሱ! እምቢ ብትልም ይድገሙት። ካልዋጠች ግን አያስገድዷት፣ መድኃኒቱን...»

ባቡሩ ሜዳው ሥር ወደሚያልፈው ረጅም ዋሻ ገባ። መስኮቱ ጠቆረ። መስመሩ ተቋረጠ።

«ሜስተር ባስ? ሜስተር ባስ!»

ምንም የለም። በጨለማው መስታወት ላይ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። ሰውዬው ኮምፒዩተሩን ዘጋ። ከኋላ አንድ ሰው «ይህ የጸጥታ ፉርጎ ነው!» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ያ ቀድሞ ጽሑፉን ያሳየኝ ሰውዬ ዞር ብሎ «ልጇ ናት፤ አንተ ዝም በል» አለው። እጁን ሰጥቶኝ ከወለሉ አነሳኝ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፣ አላህ ይክፈለው።

ያንን ዋሻ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ። ባቡሩ በደቂቃዎች ያልፈዋል። የዚያን ቀን ግን ልጄን ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ለጀማል እንዴት እንደምነግረው አስቤ ጨርሻለሁ። ከዚያም አንድ ነገር አልኩ። አንተ የሰጠኸኝን አንተው ጠብቃት፤ እኔ አልቻልኩም። እኔ አልቻልኩም ስል ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ብርሃን ሆነ። ሜዳ፣ ቦይ፣ ላሞች። ስልኩ ጮኸ።

«የሐናን እናት?» የልጅ ድምፅ ነው። «ኢክራም ነኝ።» ኢክራም የሐናን ጓደኛ ናት፤ ሞሮኳዊት፣ አፏ የማይዘጋ።

«ኢክራም! ሐናንስ?»

«ሜስተር ስልኩን ያዥ ብሎኝ ነው፣ ሁለት እጁ ተይዟል። ጠጣች። መጀመሪያ ሜስተር ጠጣ። ከዛ እኔ ጠጣሁ። ከዛ ሜስተር ያንን ነገር አላት፣ ቤሞቴ፣ ደግሞ አላት፣ እሷም ሳቀች። አባባሉ ነው ያሳቃት። ስትስቅ አፏ ተከፈተና ጠጣች። አሁን ሁሉም ልጆች እኔም እኔም እያሉ ነው። ጁሱ አለቀ፣ ሌላ እያመጡ ነው። ቦርሳውም መጣ። አንቺ ግን ለምንድነው የምታለቅሺው? ጠጣች እኮ አልኩሽ።»

«አልሐምዱ ሊላህ» አልኩ።

«አልሐምዱ ሊላህ» አለች ኢክራምም፣ እንደ ትልቅ ሰው። «በቃ ልዝጋው? ሳንድዊች እየበላን ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ላይ ቁጥሩ ተመለሰ። ዝቅተኛ ነው፤ ቀስቱ ግን ቀና ብሏል።

ሙዚየሙ ስደርስ አምቡላንሱ በሩ ላይ ቆሟል። ሮጥኩ። ገባሁ። ከአንድ የድሮ መርከብ አምሳያ ሥር ክፍሉ በሙሉ መሬት ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ዳቦውን ይገምጣል። መብላት የተከለከለበት ቦታ ነው። ጥበቃው እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ በእጁ ግን ልጆቹ የሰጡት አንድ ብስኩት አለ። አምቡላንስ ይዘው የመጡት ሁለት ሰዎች መርምረው ጨርሰው መሣሪያቸውን ይሰበስባሉ። ደህና ናት አሉኝ።

ሐናን መሐል ላይ ናት። አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«እማ! ለምን መጣሽ?»

«ላይሽ።»

«አየሽኝ። ሁሉም እያየሽ ነው እኮ።»

ዞር አልኩ። ሜስተር ባስ ግድግዳውን ተደግፏል። «ሳንድዊቹን ራሴ ላወጣላት ይገባኝ ነበር» አለኝ። «አያስፈልግም ስትለኝ አመንኳት።»

«እርስዎ ያጠፉት የለም» አልኩት። «ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ። እኔም አላውቀውም ነበር።»

«ይዘሻት ትሄጃለሽ? ብትሄጂ ይገባኛል።»

በልቤ ከባቡር ከመውረዴ በፊት ይዣት ሄጃለሁ። ቤት አስገብቼ በሩን ቆልፌያለሁ። ሐናንን አየኋት። እሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ መርከቡን ታያለች።

«ላይኛውን ፎቅ ገና አላየነውም» አለች ቀስ ብላ። ልታለቅስ ደርሳለች።

ራሴን እንደማውቀው ቢሆን እዚህ ላይ ክንዷን ይዤ እወጣ ነበር። ግን ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ሳምኩ። «ለአላህ ሰጥቼሻለሁ፤ ለሜስተር ባስም» አልኳት። ወጣሁ። የትራም ማቆሚያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የሚያየኝ ሰው ልጇ የሞተባት ይመስለው ይሆናል።

ወደ ዴን ሃግ አልሄድኩም። ወደ ሮተርዳም ተመለስኩ። ሜፍራው ባከር ወንበራቸው ላይ፣ ባንድ እግራቸው ካልሲ፣ ባንዱ ባዶ፣ ተቀምጠዋል። ቢሮው ሌላ ሠራተኛ ልኮላቸው እምቢ ብለው መልሰዋታል።

«ልጅቷስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት። መርከብ እያየች ነው።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የግራ ካልሲዎን ላለብስዎት።»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ እግራቸውን ዘረጉልኝ። «አብጧል፤ ጠንከር አድርገሽ ጎትቺ» አሉ። ካልሲው ጉልበታቸው ጋ እስኪደርስ ድረስ ስልኬን አላየሁም። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጭንቀቴ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ቀስቱ ሲወርድ ልቤ አብሮ ይወርዳል። የተለወጠው ሌላ ነው። ቁጥሩን ስጠብቅ ልጄን አላያትም ነበር። ትምህርት ቤቶች ስለ ልጆቻችን ብዙ ይጠይቁናል፤ ስንት ይሰጣት፣ መቼ ይሰጣት፣ ማን ይጠራ። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ አመስግናቸዋለሁ። ግን ልጃችሁ ሲያቀርቡለት ምን ብሎ እንዲመልስ ነው ያስተማራችሁት? ከማን ጋር ነው የሚበላው? ሲያመው ለመናገር የሚያፍረው ማን ፊት ነው? ይህን የሚጠይቃችሁ የለም፤ የሚያውቀውም የለም። ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔ ቁጥብነት ምግባር ነው ብዬ ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ ግን ዝምታ ልጅ ያስከፍላል።

ተረቱንም አልጣልኩትም። ሐናንን አስቀምጬ ነገርኳት። ብቻውን የበላ የሚባለው ለስስታም ነው፤ ያንቺ ጁስ ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት ነው አልኳት።

«መድኃኒት ከሆነ አንቺ ለምን ትቀምሽዋለሽ?» አለችኝ።

አሁንም እቀምሳለሁ። እሷ ግን ማንም ባይቀምስላትም መጠጣት ተምራለች፤ ይህም ጊዜ ፈጅቷል።

ክፍሏ ውስጥ ደግሞ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ሐናን ጁስ ስትጠጣ አጠገቧ ያለው ልጅ የውኃ ኮዳውን አንስቶ አብሯት ፉት ይላል። ተራ ሁሉ አላቸው፤ ኢክራም የሰው ተራ ትቀማለች ተብላ ተከስሳ ታውቃለች።

ትምህርት ሲዘጋ ሐናን ወደሚቀጥለው ክፍል ልታልፍ ስትል አዲሷ አስተማሪ፣ ሜስተር ባስ፣ እኔና ሐናን ተቀመጥን። ሴት አስተማሪን ጁፍ ይሏታል። ሜስተር ባስ ፓምፑን፣ ሴንሰሩን፣ ቦርሳውን አንድ በአንድ አሳያት። ቦርሳው ከሐናን ጋር ካልገባ እሷም አትገባም አላት። ሲጨርስ «አንድ ቃልም አለ» አለ። «ቤሞቴ።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ጁፍ።

እሱ ወደኔ ዞረ። ለካ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። «በእኔ ሞት ማለት ነው» አልኩ። «እኔ ልሙት፣ አንቺ ብይ።»

«እኔ እንደዚያ ብያታለሁ?» አለ ሜስተር ባስ።

«ሁለት ጊዜ ብለዋል።»

ጎንበስ ብሎ እጁን አየ። ከዚያ ለጁፍ «አንቺም ተለማመጂው» አላት።

ጁፍ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውኃ ብርጭቆ አንስታ ወደ ሐናን ዘረጋችና «ቤሞቴ» አለች።

ሐናን ብርጭቆውን በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደሷ መለሰችው።

«አይደለም ጁፍ» አለች። «መጀመሪያ አንቺ ነሽ የምትጠጪው።»